ቆሻሻው ከተቃጠለ በኋላ አመዱ የት ይገባል?

መነሻ ጽሑፍ

የምኖረው ፒያሳ፣ ሠራተኛ ሰፈር ነው። በሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ሲሞላ መኪና መጥቶ ያነሣዋል፤ እኔም እንደ አብዛኛው ጎረቤቴ ክፍያውን ከውሃ ቢል ጋር ከፍዬ ስለ ቀሪው ነገር አላስብም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ግን የጽዳት ማኅበሩ ልጆች ከጋሪያቸው ላይ ማዳበሪያ እያወረዱ ወደ ገንዳው ሲገለብጡ ቆሜ ተመለከትኩ። ከአንዱ ማዳበሪያ ውስጥ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የከሰል አመድ፣ የበሰበሰ ጎመን፣ ሦስት የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ የተሰበረ ፍሎረሰንትና ግማሹ የደረቀ የቀለም ቆርቆሮ ተከታትለው ወጡ። ቤት ገብቼ በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ ይህን ጥያቄ ጻፍኩ፦ ይህ ሁሉ ተደባልቆ ቢቃጠል የሚቀረው ምን ዓይነት አመድ ነው? ሲቀበርስ መሬቱንና ውሃውን ምን ያደርጋል?

በሐሳቤ የነበረው ረጲ ነው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው ጣቢያ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታቀደ ሲሆን፣ የተሠራውም ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋን ቆሻሻ ሲቀበል በኖረው በቆሼ አጠገብ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ ቆሻሻ ይቃጠላል የሚለው ወሬ ለእኔ እንደ እፎይታ ነበር። ስለዚህም ጽሑፌን የደመደምኩት፣ ማቃጠል ከቆሻሻው 90 በመቶውን ስለሚያጠፋና የሚቀረውም እናቶቻችን ድስት የሚፈትጉበት አመድ ስለሆነ ነገሩ ብዙ የሚያሳስብ አይመስለኝም በማለት ነበር። በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ስሕተት እንዳለ እስኪነገረኝ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ክሩ፣ ማለትም በጥያቄዬ ሥር የተከፈተው ውይይት፣ በዐሥር ቀን ውስጥ 30 ምላሽ ስለደረሰ፣ ዘግይተው ለሚመጡ አንባብያን እንዲመች የተባለውን እንደ ተራ ቁጥሩ በራሴ አገላለጽ ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ። የማንንም ቃል በቀጥታ አልጠቀስኩም፤ የተሳሳትኩት ካለ ባለቤቱ ያርመኝ።

ምላሾቹ

1ኛው ምላሽ አራት ኪሎ አካባቢ ኬሚስትሪ ከሚያስተምሩ መምህር የመጣ ነው። በትሕትና ጀምረው፣ በማቃጠል ወደ 90 በመቶ የሚቀንሰው ቆሻሻው የሚይዘው ቦታ እንጂ ክብደቱ አለመሆኑን አስረዱኝ። በሌሎች አገሮች በሚታወቀው ልምድ አንድ ቶን ቆሻሻ ሲቃጠል ከ200 እስከ 250 ኪሎ ግራም የሚሆን አመድ ከምድጃው ሥር ይወርዳል፤ ይህ የታች አመድ ይባላል። በዚያ ላይ ከ20 እስከ 40 ኪሎ ግራም የሚሆን እጅግ የላመ አመድ ከጭሱ ማጣሪያ ይሰበሰባል፤ እሱ ደግሞ በራሪ አመድ ነው። መምህሩ በረጲ የታቀደ አቅም አስልተው፣ በቀን ከ280 እስከ 350 ቶን የታች አመድና ከ28 እስከ 56 ቶን በራሪ አመድ ማለት መሆኑን አሳዩ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ስሕተቴ ዞሩ። የእናቶቻችን አመድ የባሕር ዛፍ ወይም የከሰል አመድ ነው፤ የከተማ ቆሻሻ አመድ ግን በገንዳው ውስጥ ያየሁት ነገር ሁሉ ርዝራዥ ነው። እርሳስና ካድሚየም የሚባሉት ከባድ ብረቶች ንጥረ ነገሮች ስለሆኑ እሳት አያጠፋቸውም፤ ቦታቸውን ብቻ ያስለውጣቸዋል። ከፕላስቲኩ ከሚወጣው ክሎሪን ጋር ተዋሕደው ከጭሱ ጋር ይነሣሉ፤ ጭሱ ሲቀዘቅዝ በበራሪው አመድ ላይ ይለጠፋሉ። ዳይኦክሲን የሚባለውም መርዝ ጭሱ ከ450 ወደ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚወርድበት ጊዜ እንደገና ሊፈጠርና በዚሁ ብናኝ ላይ ሊያርፍ ይችላል። እኔን ያስደነገጠኝ ከዚህ የተከተለው ድምዳሜ ነው፤ የጭስ ማውጫው በደንብ በተጣራ ቁጥር ከማጣሪያው የሚሰበሰበው አመድ የበለጠ መርዛም ይሆናል።

2ኛው ምላሽ ምስጋና ብቻ ነበር። በ3ኛው አንድ መሐንዲስ መምህሩን አረሙ። የአዲስ አበባ ቆሻሻ እርጥብ ነው፤ አብዛኛው የምግብና የአትክልት ትራፊ ነው፤ አፈርና የከሰል አመድም ተቀላቅሎበት ይመጣል። ከአውሮፓ የተወሰደ መቶኛ ለእኛ ገንዳ በቀጥታ አይሠራም፤ ቀድሞውኑ አመድ የሆነ ነገር ምድጃ ውስጥ ገብቶ አመድ ሆኖ ስለሚወጣ የታች አመዱ ድርሻ ከፍ ሊል ይችላል። ጣቢያው የታቀደበት አቅምና በየቀኑ በተግባር የሚያቃጥለው መጠንም አንድ ተደርገው መታየት የለባቸውም። መምህሩ በ4ኛው ምላሽ እርማቱን ያለ ክርክር ተቀበሉ። በእንዲህ ዓይነት መድረክ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር ስላልሆነ መዝግቤዋለሁ።

5ኛው ምላሽ ከሁሉም ረጅሙ ነው። የጻፉት እኅት መሀል ከተማ በሚገኝ አንድ የጤና ተቋም የጽዳት ሠራተኞች ተቆጣጣሪ ናቸው፤ የተቋሙን ስም አልጠቀሱም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። በጓሯቸው ከጡብ የተሠራ ትንሽ የቆሻሻ ማቃጠያ አለ፤ ከጎኑ የአመድ ጉድጓድ አለ። የጉድጓዱ ክዳን ከተሰበረ ሁለት ክረምት አልፎታል። ሐምሌ ላይ ጉድጓዱ በዝናብ ሲሞላ ውሃው በግንቡ ሥር እየሰረገ ወደ መንገዱ ቱቦ ይሄዳል፤ መስከረም ላይ ሲደርቅ ደግሞ ግንቡ ላይ እንደ አሞሌ ጨው የነጣ ቅርፊት ይጋገራል። እሳቸው ቅርፊቱን በጥፍራቸው ፈቅፍቀው አይተውታል፤ እንደ ዱቄት ይረግፋል፤ እርጥብ ጣት ላይ ሲያርፍ ደግሞ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። አመዱን በማዳበሪያ የሚያወጡት ሁለት ሠራተኞች የጣታቸው ጫፍ ተሰነጣጥቋል፤ የተሰጣቸው ጓንት በመጀመሪያው ሳምንት በመርፌ ተቀደደ። ክዳን እንዲሠራ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀው ሦስቱንም ጊዜ ያገኙት መልስ በጀት የለም የሚል ነው። ጽሑፋቸውን የጨረሱት ወደ እኔው ጥያቄ በመመለስ ነው፤ ጉድጓዱ ሲሞላ አመዱ የት እንደሚሄድ የነገራቸው ሰው የለም።

6ኛው ተሳታፊ በማሾፍ መጣ። ክሩ ስለ አንድ ትልቅ ጣቢያ እየተነጋገረ የአንድ ጓሮ ጉድጓድ ምን አመጣው፣ የክዳን ጉዳይ ለአለቃ የሚነገር እንጂ ለአደባባይ የሚቀርብ አይደለም አለ። መምህሩ በ7ኛው ምላሽ ቆጣ ብለው መለሱለት። እንዲያውም ነገሩ በቅርብ የሚታየው እዚያ ጓሮ ነው አሉ። በነጩ ቅርፊት ውስጥ በዝናብ ከአመዱ ታጥበው የወጡ የካልሲየም፣ የሶዲየምና የፖታሲየም ጨዎች አሉ፤ የሚያሟልጨውና ቆዳ የሚሰነጥቀው የአመዱ ከፍተኛ አልካሊነት፣ ማለትም እንደ ኖራ የመፋጀት ባሕርይ ነው። አንድ ልዩነት ግን አልሸሸጉም። የጓሮ ማቃጠያ የጭስ ማጣሪያ ስለሌለው በራሪው አመድ ከጭሱ ጋር ወደ ሰፈሩ ይሄዳል፤ ሙቀቱም ስለሚያንስ ጉድጓዱ ውስጥ ያልተቃጠለ ነገር ይቀራል። በትልቁ ጣቢያ ጭሱ ቢያንስ ለሁለት ሰከንድ በ850 ዲግሪ ውስጥ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ ስለዚህ ሁለቱ አመዶች ወንድማማቾች እንጂ መንትዮች አይደሉም።

8ኛው ምላሽ ማቃጠልን የሚደግፍ ሲሆን በጨዋነት የተጻፈ ነው። ጥሬ ቆሻሻ ሲከመር ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ ሜቴን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ ሜቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ከባቢ አየርን ያሞቃል። ክምሩ ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል፣ ይናዳል። አመድ ግን አይበሰብስም፣ አይሸትም፣ ውሻና አሞራ አይሰበስብም። ጸሐፊው ቆሼን ያየ ሰው አመድን ሊፈራ አይገባውም በማለት ቋጩ። እኔም ከዚህ አብዛኛውን እቀበላለሁ። በ9ኛው ምላሽ መሐንዲሱ ያከሉት ግን ሚዛኑን የሚያስተካክል ነው። አመድ ስላልበሰበሰ ዝም ብሎ ይተኛል ማለት አይደለም። ጥሬ ቆሻሻ ፍሳሹ እየከፋ ሄዶ ከጊዜ በኋላ ይለዝባል፤ የአመድ ጨው ግን የመጀመሪያው ዝናብ እንዳገኘው መውጣት ይጀምራል። ከበራሪው አመድ ክብደት አንድ አምስተኛው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በውሃ የሚሟሟ ጨው ነው። በተጨማሪም ካልሲየሙ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እየተዋሐደ በፍሳሽ ማስወገጃ ቧንቧዎች ውስጥ እንደ ጀበና ውስጥ ቅርፊት ስለሚጋገር፣ በደንብ ያልተሠራ የመቅበሪያ ቦታ ቧንቧው ተደፍኖ ፍሳሹ ከታች ይጠራቀማል።

10ኛው ምላሽ ስለ ሥፍራው ነበር። የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ የሆኑት ጸሐፊ እንዳስታወሱት፣ አዲስ አበባ የተቀመጠችው በእሳተ ገሞራ ዐለት ላይ ነው፤ ዐለቱ በብዙ ቦታ ስንጥቅ አለው፤ ውሃም በስንጥቁ ይሄዳል። ከመሀል ከተማው የሚወርዱት ጅረቶች ወደ ትልቁና ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባሉ፤ ሁለቱም አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። በወንዞቹ ዳር ቆስጣ፣ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ፤ ምርቱ ተመልሶ የሚመጣው ለእኛው ገበያ ነው። ከከተማዋ የመጠጥ ውሃ ምንጮች አንዱም በአቃቂ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ናቸው። ከሰኔ እስከ መስከረም በሚጥለው ዝናብ ያልተሸፈነ የአመድ ክምር ቢኖር ጨውና ብረት ወዴት እንደሚጓዝ ለመገመት ካርታ ማየት ይበቃል። ጸሐፊው አንድ ጥንቃቄ ጨመሩ። የአቃቂ ወንዞች ከፋብሪካ፣ ከፍሳሽ ቆሻሻና ከጋራዥ በሚመጣ ነገር ቀድሞውኑ የተበከሉ ስለሆኑ፣ በውሃው ውስጥ የተገኘን እርሳስ ሁሉ ለአመድ መስጠት ስሕተት ነው።

ከ11ኛው ጀምሮ ድምፁ ተቀየረ። በቆሼ አቅራቢያ በዘነበወርቅ በኩል ያደጉ ሰው፣ የመሀል ከተማ ሰዎች በካፌ ተቀምጠው ስለ አመድ ኬሚስትሪ ሲጨነቁ በማየታቸው መገረማቸውን ጻፉ። ቆሻሻውን የሚያመርቱት ፒያሳና ካዛንቺስ ናቸው፤ ሽታውን፣ ጭሱንና አሁን ደግሞ አመዱን የሚሸከሙት ግን የእሳቸው ጎረቤቶች ናቸው፤ አመድ አፋሽ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው አሉ። አባባሉ በክሩ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ በልጦ ከአእምሮዬ አልወጣም። በ12ኛው አንድ የካዛንቺስ ነዋሪ የሰፈር ፉክክር ማንንም አይጠቅምም ብሎ ሊመልስ ሞክሮ ራሱ በፉክክር ጨረሰ። በ13ኛው ደግሞ ሌላ ተሳታፊ በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ የተከፈተው የመቅበሪያ ቦታ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ በወራት ውስጥ መዘጋቱን አስታወሰ። ቆሻሻ የሚቀበል መሬት የሚገኘው ከመሬቱ ባለቤቶች ጋር አስቀድሞ ከተነጋገሩ ብቻ ነው የሚለው አስተያየቱ ለአመድም የሚሠራ ይመስለኛል።

14ኛው ምላሽ ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። በከተማዋ ዙሪያ መረሬ ሞልቷል፤ መረሬ ውሃ ሲጠጣ አብጦ ይዘጋል፤ ጉድጓዱን በመረሬ አንጥፎ አመዱን መቅበር ለምን አይበቃም? ጥያቄው በእውነት ጥሩ ነው። 15ኛው መልስ ከመሐንዲሱ መጣ። መረሬ ክረምት ላይ ይዘጋል፤ በበጋ ግን እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ገበሬ ያውቀዋል፤ ቤት የሠራም በግድግዳው ያውቀዋል። ጨዋማ ፍሳሽ ደግሞ የሚያብጥ ሸክላን መልሶ ያኮማትረዋል። ስለዚህ በደንብ የተደመደመ፣ እርጥበቱ የተጠበቀ ሸክላና ከላዩ ወፍራም የፕላስቲክ ንጣፍ አብረው ያስፈልጋሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ አደገኛ ላልሆነ ቆሻሻ መቅበሪያ ከሥሩ ውሃ በቀላሉ የማያሳልፍ 1 ሜትር፣ ለአደገኛ ቆሻሻ ደግሞ 5 ሜትር ንብርብር ወይም ያንን የሚተካ ሥራ ይጠየቃል። በዚያ ምደባ በራሪ አመድ አደገኛ ከሚባለው ወገን ነው። መሐንዲሱ ከሁሉ አስቀድመው የሚሹት ግን ክዳን ነው፤ ውሃ ካልገባ የሚወጣ ነገር የለም። የ5ኛዋን ጸሐፊ ሦስት ደብዳቤዎች ጠቅሰው 6ኛውን ተሳታፊ በዘዴ ወጉት።

በ16ኛው አንድ የሕግ ባለሙያ ሁለት አዋጆች ጠቀሱ፤ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅንና የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010ን። ጥያቄያቸው አጭር ነው። አመድ ከየትኛው አዋጅ ሥር ይውደቅ? በ17ኛው ራሳቸው ከአሜሪካ አንድ ጉዳይ አመጡ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1994 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የቺካጎ ከተማና አንድ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በተከራከሩበት መዝገብ፣ ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ወሰነ። የቤት ቆሻሻ ወደ ምድጃው ሲገባ ከአደገኛ ቆሻሻ ሕግ ነጻ ቢሆንም፣ ከምድጃው የሚወጣው አመድ ግን ነጻ አይደለም። አመዱ ተመርምሮ አደገኛ ሆኖ ከተገኘ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ይያዛል። ምርመራው የአመዱን ናሙና በሃያ እጥፍ ቀላል የአሴቲክ አሲድ ውሁድ ውስጥ ለ18 ሰዓት ማገላበጥና የወጣውን ፈሳሽ መለካት ነው፤ በሊትር 5 ሚሊ ግራም እርሳስ ወይም 1 ሚሊ ግራም ካድሚየም ከተገኘ አመዱ ወድቋል።

18ኛው ምላሽ የክሩ እምብርት ነው ብዬ አምናለሁ። መምህሩ ምርመራው የሚታለልበትን መንገድ አስረዱ። እርሳስ በአሲድ ውስጥ ይሟሟል፤ ፒኤቹ (የአሲድና የአልካሊ መለኪያው) ከ12 በሚበልጥ ኃይለኛ አልካሊ ውስጥም ይሟሟል፤ በመካከሉ፣ ከ8 እስከ 10 ባለው ገደማ፣ እምብዛም አይሟሟም። የጭስ ማጣሪያው ኖራ ስለሚረጭበት በራሪው አመድ ብቻውን ከ12 በላይ ነው፤ በንጹሕ የዝናብ ውሃ ብቻ እርሳሱን ይለቃል። ነገር ግን ይኸው ኖራ የበዛበት በራሪ አመድ በልክ ከታች አመድ ጋር ሲደባለቅ፣ የምርመራው አሲድ ኖራውን እያረከሰ ፒኤቹን እርሳስ ወደሚተኛበት መሀል ያመጣዋል። ናሙናው ያልፋል፤ እርሳሱ ግን የትም አልሄደም። የተቀበረው አመድ ዓመታት አልፈው ፒኤቹ ሲለወጥ፣ ወይም ፍሳሹ አሲዳማ ከሆነ ከሚበሰብስ ጥሬ ቆሻሻ ጋር አንድ ጉድጓድ ሲገባ፣ ነገሩ እንደገና ይነሣል። ሁለቱን አመዶች ከማቃጠያው ደጃፍ ጀምሮ ለይቶ መያዝ የሚባለው ለዚህ ነው። እኔም ክሩን ስከፍት አቃጥሎ መቅበር ወይስ ጥሬውን መቅበር የሚል ጥያቄ ብቻ ይታየኝ ነበር፤ ከዚህ ምላሽ በኋላ ግን ከረጲም ሆነ ከየትኛውም ማቃጠያ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ የታች አመዱና በራሪው አመድ በአንድ መኪና ይጫናሉ ወይ የሚለው መሆኑን አመንኩ።

ከ19ኛው እስከ 22ኛው ያሉት አመዱን ለሥራ ስለማዋል ናቸው። አንድ ወጣት የታች አመድ ከኮብልስቶን ሥር እንደ ሙሊት ቢነጠፍ የመቅበሪያ ቦታ አያስፈልግም ብሎ፣ ዴንማርክና ኔዘርላንድ በመንገድ ሥራ እንደሚጠቀሙበት በምሳሌ አቀረበ። 20ኛው ጸሐፊ እውነት መሆኑን ተቀብለው፣ እነዚያ አገሮች አመዱን መጀመሪያ ብረቱን እንደሚያወጡለት፣ ለወራት በአየር ላይ እንደሚያሳድሩትና ከከርሰ ምድር ውሃ አርቀው እንደሚጠቀሙበት አስታወሱ። ከዚያ ተቃራኒውን ምሳሌ አነሡ። በእንግሊዝ ኒውካስል ከተማ ባይከር ከሚባል ማቃጠያ የወጣ፣ በራሪው ጭምር የተቀላቀለበት አመድ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1999 በነዋሪዎች የጓሮ አትክልት ማሳዎች መንገዶች ላይ ተበተነ። በኋላ አፈሩ ሲመረመር ዳይኦክሲንና ከባድ ብረቶች ተገኙበት፤ እዚያ የሚጭሩት ዶሮዎች እንቁላልም ተበክሎ ተገኘ። በ21ኛው አንድ ብሎኬት አምራች የራሳቸውን ኪሳራ ነገሩን። ከአንድ ድርጅት ማቃጠያ በነጻ ያገኙትን አመድ በአሸዋ ምትክ ደባልቀው ሁለት መቶ ያህል ብሎኬት ሠሩ፤ በማግስቱ ብሎኬቶቹ እንደ እርሾ ሊጥ ተነፍተው፣ አንዳንዶቹ ፊታቸው ላይ ቀዳዳ አውጥተው አገኟቸው። አንዱን ሲያነሡት በእጃቸው ላይ ለሁለት ተከፈለ፤ ውስጡ የስፖንጅ መልክ ነበረው። መምህሩ በ22ኛው ምክንያቱን በሁለት መስመር ጻፉ። በአመዱ ውስጥ የቀረ አሉሚኒየም ከአልካሊ ውሃ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣዋል፤ ይኸው ጋዝ በተዘጋ የአመድ ጉድጓድ ውስጥ ቢጠራቀም ከመነፋት አልፎ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ 15ኛው ምላሽ የጠየቀው ክዳን መተንፈሻ ሊኖረው ይገባል።

23ኛው ምላሽ ኪያን ሲ ስለምትባለው መርከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ከፊላደልፊያ ወደ 14,000 ቶን የማቃጠያ አመድ ጭና ወጣች፤ ተቀባይ አገር አጥታ ስትዞር ቆይታ በ1988 መጀመሪያ ላይ 4,000 ቶን የሚሆነውን የአፈር ማዳበሪያ ነው በሚል ስም ሄይቲ፣ ጎናይቭ ጠረፍ ላይ ገለበጠችው። ቀሪው ባሕር ውስጥ ተጣለ። የሄይቲው አመድ ተለቅሞ ወደ አሜሪካ የተመለሰው በ2000 ነው፤ መጨረሻ የተቀበረውም ከተነሣበት ከፔንሲልቬንያ ግዛት ነው። 24ኛው ጸሐፊ ሌሎች እንዴት እንደሚያደርጉ በአጭሩ ዘረዘሩ። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አመዷን በጀልባ ወስዳ በባሕር መካከል በንጣፍ በታጠረ ሰማካው በሚባል ቦታ ትቀብራለች፤ ስዊዘርላንድ በራሪውን አመድ በአሲድ አጥባ ዚንኩን መልሳ ታወጣለች፤ ጃፓን ውስጥ ደግሞ አመዱን አቅልጠው መስታወት መሰል ድንጋይ የሚያደርጉ ጣቢያዎች አሉ። ይህ ለእኛ ኪስ የሚቀርብ አይመስለኝም፤ ማቅለጫው ራሱ ጣቢያው ካመነጨው ኤሌክትሪክ ላይ ይበላል።

25ኛውና 26ኛው ከመስመር ወጡ። የመጀመሪያው ቁራሌው ዘንድሮ የብረት ዋጋ አወረደብኝ የሚል ብሶት ሲሆን፣ ሁለተኛው የከሰል አመድ ለጌሾ ጥሩ ነው ወይስ ለጽጌረዳ የሚል ነው። አልፌያቸዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ጓሮው ላይ አመድ የሚበትን ሰው የእንጨት አመድ ብቻ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ፕላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ ጣውላ የነደደበትን አይጨምር። 27ኛዋ ጸሐፊ ግን የቁራሌውን ነገር ወደ ጉዳዩ አዞሩት። መርካቶ ምናለሽ ተራ ለቆርቆሮ፣ ለመዳብና ለጀሪካን ገዢ አለው፤ ለባትሪ ድንጋይና ለተሰበረ ፍሎረሰንት ግን ገዢ ስለሌለ ማዳበሪያ ውስጥ ይቀራሉ። ወደ ምድጃው ያልገባ ካድሚየም ከአመዱ አይወጣም፤ ስለዚህ በየገንዳው አጠገብ ለእነዚህ ብቻ አንድ ሣጥን ቢቀመጥ ለአመዱ ከየትኛውም ንጣፍ ይበልጥ ይጠቅማል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሣጥኑ ማታውን ይሰረቃል ያለም ነበር።

28ኛው ተሳታፊ በእኔ ላይ መጣ። ጥያቄው ልማትን ለማጥላላት የተቀነባበረ ነው፣ መብራት ሲጠፋ የሚያማርሩትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው፣ አገሪቱ ያላትን አንድ ጣቢያ ከማመስገን ይልቅ አመዱን ይቆጥራሉ አለ። በ29ኛው መለስኩለት፤ አሁን ሳነበው መልሴ ከሚገባው በላይ ሻካራ ሆኖ አገኘሁት። ያልኩት፣ እህል ያስፈጨ ሰው ስለ እንክርዳዱ መጠየቁ ወፍጮውን መጥላት አይደለም፣ በ8ኛው ምላሽ ላይ የተባለውንም ተቀብያለሁ የሚል ነው። በዚያው ላይ ምላሹን ሳያነብ ጽፏል የሚል ነገር መጨመር አልነበረብኝም፤ አንብቦ ሊሆን ይችላል።

30ኛው፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ የመጨረሻው፣ ከጤና ተቋሟ ተቆጣጣሪ ነው። የክሩን 7ኛ፣ 15ኛና 22ኛ ምላሾች አሳትመው ከአራተኛ ደብዳቤያቸው ጋር አያይዘው አስገብተው ነበር፤ ሐሙስ ዕለት ብየዳ ሠራተኛ መጥቶ ጉድጓዱን በላሜራ ከድኖታል፤ መተንፈሻ ቧንቧም በጎኑ አስገብቶለታል። ጓንቱ ገና አልመጣም። ጉድጓዱ ከአፉ ሊደርስ የቀረው ሁለት ክንድ ያህል ነው፤ ሲሞላ አመዱን የሚረከባቸው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው መኪና ተጭኖ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ካለ እንዲነግራቸው በድጋሚ ጠይቀዋል። ከሐሙስ ወዲህ ክሩ ተከፍቶ የተነበበው ብዙ ጊዜ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ግን 31ኛ ምላሽ አልመጣም።